ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ በሩ ሥር ነው የሚተኛው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ባለቤቴ በሰሜኑ ጦርነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግንባር ነበረ። እግሩን ቆስሎ ባለፈው ዓመት በቦርድ ተሰናብቶ ቤቱ ገባ። እግሩ ድኗል፣ እሱ ግን የማውቀው ሰው አልሆነልኝም። አልጋ ላይ አይተኛም፤ ሳሎን በሩ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ነው የሚያድረው። ሌሊት «ተኛ! ዝቅ በል!» እያለ ይጮኻል፣ የማላውቀውን ሰው ስም ይጠራል። ቡና ስወቅጥ ብድግ ብሎ ይወጣል። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ጨብሲ። ምን አየህ፣ ምን ደረሰብህ ስለው «ምንም አልሆንኩም» ነው መልሱ። ባለፈው ወር የስምንት ዓመት ልጃችን ከኋላው መጥታ አንገቱን ስታቅፈው ክንዷን ጠምዝዞ መሬት ላይ ጣላት። ወዲያው ባነነና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አይነካትም፣ እሷም ትሸሸዋለች። እናቱ ጸበል ይግባ ይላሉ፣ ጎረቤቶቼ ዱዓ ይደረግለት ይላሉ፣ እህቴ «ሳይገድልሽ ውጪ» ትለኛለች። እኔም ደሴ ስትያዝ ልጄን አዝዬ እስከ ደብረ ብርሃን ተሰድጄ ብዙ አይቻለሁ፤ እሱስ አልፏል። ልታገሥ ወይስ ልለየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያለቀሰበትን ቦታ ነው። ልጁን ሊጎዳ ያሰበ ሰው እንዲያ አያለቅስም። ከኋላው የመጣችው እጅ የልጁ መሆኗን አእምሮው ሳይለይ ሰውነቱ ቀድሞ ተዋጋ።

ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው በድንጋጤው ነው የሚተርፈው። የመድፍ ድምፅ ሲሰማ ምንነቱን ላጣራ ብሎ የቆመ ይመታል፤ ሳያስብ መሬት የያዘ ይተርፋል። ቀንና ሌሊት ይህን ሲማር የከረመ ሰውነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ስለተባለ ብቻ የለመደውን አይተውም። በሩ ሥር የሚያድረው አንቺን ጠልቶ አይመስለኝም፤ ዘብ ላይ ነው። የሙቀጫው ድም ድምታም ለአንቺ ቡና ነው፤ ለእሱ ጆሮ ከሩቅ የሚተኮስ ከባድ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

በደብዳቤ ብቻ ሕመም አይመረመርም። የጻፍሽው ሁሉ ግን ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ወደምንለው ይጠቁመኛል፤ ፒቲኤስዲ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ያለፈው ነገር አሁን እንደሚሆን ሆኖ በቅዠትና በሐሳብ ይመጣል፤ ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፣ በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል፣ ልቡ ለሚወዳቸው ሰዎች ሳይቀር ይደነዝዛል። እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀና ኑሮን ካናጋ ሕክምና ይፈልጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍ ድንጋጤ ይባል ነበር፤ ስንቱ ታማሚ ወታደር ፈሪ ተብሎ ተቀጥቶበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አሁን ባለው ስሙ በሕመሞች መዝገብ ያሰፈረው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኛም ዘማቹን በፉከራና በሽለላ እንሸኛለን፤ ተመልሶ እንቅልፍ ሲያጣ ግን «ምን ነካው?» ከሚል ሹክሹክታ በቀር የምንለው የለንም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን እንድትተዪ እለምንሻለሁ። «ምን አየህ?» አትበዪው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፣ ልክ ነው። ነገር ግን በሽታን መደበቅና ያዩትን አለመናገር ለየቅል ናቸው። ያየውን ማውራት ያለበት ጊዜው ሲደርስ፣ ማዕበሉ ሲነሣ መያዝ ከሚችል ባለሙያ ፊት ነው። ሳሎን ውስጥ በግድ ብታስወሪው ሌሊቱን እዚያው ምሽግ ውስጥ ያድራል። እሱ ያየውን ከምትጠይቂው፣ አንቺ የምታዪውን ንገሪው። ጠዋት፣ ምርቃናም መጠጥም በሌለበት ሰዓት፣ ጎኑ ተቀምጠሽ እንዲህ ብትዪው፦ «ሌሊት ስትባንን እሰማለሁ። ልጃችንን የጣልካት ቀን ስታለቅስ አይቻለሁ። ማበድህን አይደለም የምነግርህ፤ እንቅልፍ አጥተሃል፣ ይህ ደግሞ ይታከማል። የግንባሩን ነገር አልጠይቅህም። ሐኪም ቤት ግን አብረን እንሂድ።» ብዙ ወታደር «አእምሮህ ታሟል» ሲሉት በሩን ይዘጋል፤ ስለ እንቅልፉ ሲያነጋግሩት ግን ይሰማል። ከዚያው ጀምሪ።

ሌሊት ሲጮኽ አትንኪው፣ አትወዝውዢውም። ራቅ ብለሽ በእግሩ በኩል ቁሚ፣ መብራት አብሪ፣ በስሙ ጥሪውና «ደሴ ነህ፣ ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ» በዪው። እስኪነቃ ደጋግሚው። ቡና ከመውቀጥሽ በፊትም «ልወቅጥ ነው» በዪው፤ የሚያስበረግገው ያልጠበቀው ድምፅ ነው።

ጫቱ እንቅልፉን ይወስድበታል፣ ጨብሲው ደግሞ የሚያስተኛው ይመስለዋል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ቁጣውንም የሐዘኑንም ልጓም ይፈታል። ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ግን በአንድ ቀን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው፤ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ከፋርማሲ ዲያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ኪኒን ገዝተሽ እንዳትሰጪው፤ ለዚህ ሕመም አይመከርም፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ አደገኛ ነው።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አማኑኤል ይልኳችኋል። የቦርድ ወረቀቱንና የእግሩን ሕክምና ማስረጃ ያዙ። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ያህል እየተገናኘ፣ የሸሸውን ትዝታ በጥቂት በጥቂቱ ይጋፈጣል። እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒትም ሊታዘዝለት ይችላል። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይፈጃልና በዐሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ እንዳይጥለው።

ለአማትሽ አትከራከሪያቸው። ጸበሉም ዱዓውም ከሐኪም ቤት ጋር ጠብ የላቸውም። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን አቋርጥ አይበሉት፣ እንዳይታሰርም እንዳይገረፍም ይጠብቁት። ታስሮ የሚገረፍ ዘማች ጦርነቱ ውስጥ መልሶ ይገባል።

ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ፦ ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ካለ፣ ሁለታችሁ የምታምኑት ታላቅ ሰው ዘንድ ይሂድ፣ ዛሬውኑ። ደግሞም እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «መሞት የምታስብበት ጊዜ አለ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። ያ ሌሊት ሌሊት የሚጠራው ጓዱ ምናልባት ያልተመለሰ ሰው ነው። «እሱ ሞቶ እኔ ለምን ተረፍኩ» የሚል ጥያቄ ሰውን ከውስጡ ይበላል። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ልታገሥ ወይስ ልለየው ላልሽኝ፣ ያንን እኔ አልወስንልሽም። ሕመም ድርጊቱን ያስረዳል እንጂ ዱላን አይፈቅድም። አንቺን ወይም ልጅሽን ከመታ፣ በመሣሪያ ካስፈራራ፣ በዚያው ሰዓት ልጅሽን ይዘሽ እህትሽ ጋ ግቢ። ለመሄጃ የሚሆን ገንዘብና የሁለታችሁን መታወቂያ ከአሁኑ አንድ ቦታ አስቀምጪ። ለጊዜው ቤት መልቀቅ ፍቺ አይደለም፤ እዚያም ሆነሽ ሕክምናውን ማገዝ ትችያለሽ። እስካሁን የጻፍሽው ላይ ግን ልጁን መጉዳቱ ያስፈራው፣ ከፍርሃቱ ብዛት እጁን የሰበሰበ አባት አያለሁ። ይህ ሰው የመዳን ዕድል አለው።

ልጅቷን አትርሺ። የስምንት ዓመት ልጅ አባቷ ሲርቃት «እኔ ምን አጠፋሁ» ትላለች። «አባዬ ጦርነት ላይ በጣም ደንግጦ ነበር፣ ያ ድንጋጤ ገና አልለቀቀውም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። ይቅርታውን እሱ ራሱ ይጠይቃት፣ አጭር ይሁን። ከዚያ በኋላ ከፊት ለፊቱ እየመጣች «አባዬ» ብላ ትጥራው፣ እሱ እጁን ሲዘረጋ ትጠጋ። መጀመሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆሎ ቢበሉም ትልቅ ነገር ነው።

አንቺስ? በጥቅምት 2014 ልጅ አዝለሽ ከደሴ ደብረ ብርሃን ድረስ የተሰደድሽውን በአንድ መስመር ጽፈሽ «እሱስ አልፏል» ብለሽ ዘጋሽው። ባልሽም «ምንም አልሆንኩም» ነው የሚለው። አንቺም እንቅልፍ እንዳለሽ አልነገርሽኝም፤ የሰው ጩኸት ስትሰሚ ልብሽ ምን እንደሚል አልነገርሽኝም። ሪፈራል ስትሄዱ ሁለት ካርድ አውጪ፣ አንዱን በስምሽ።