የዘንባባው ቅጠል ለምን ተቃጠለ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት ንጉሣዊ ዘንባባ የታችኞቹ ቅጠሎቹ ጫፍ እሳት የላሰው መስሎ ደርቆ ተጠማዝዟል። አትክልተኛው ቢቆርጣቸውም ባሰበት። ዩሪያ ልጨምርበት?

መልስ፦ ዩሪያውን ይተዉት፣ መቁረጡንም ያስቁሙ። ከአሮጌው ቅጠል ጫፍ የሚጀምር እንዲህ ያለ መድረቅ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው። ዛፉ ፖታሲየም ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየሳበ አዲሱን ቡቃያ ይመግባል። እነሱን መቁረጥ ስንቁን መንጠቅ ነው፤ ጉዳቱም ወደ ላይኛው ቅጠል ይወጣል። ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያ ብቻውን ሲጨመር ደግሞ ዛፉ በፍጥነት ያድግና ያለችውን ፖታሲየም ይጨርሳል።

ፖታሲየሙ ከናይትሮጅኑ የሚበልጥ፣ ማግኒዚየም ያለበትና ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ይፈልጉ። በካሬ ሜትር 70 ግራም ያህል፣ በየሦስት ወሩ፣ ከቅጠሎቹ ጥላ ሥር ይበትኑ። ግንዱን አይንካ። የተቃጠለው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፤ አዲሶቹ እስኪተኩት ከዓመት በላይ ይታገሡ።

ግንዱ ሥር አፈር ተቆልሎ እንደሆነም ይዩ፤ ጠልቆ የተተከለ ዘንባባ ሥሩ አየር ያጣና ማዳበሪያውን በወጉ አይወስድም። መኪናዎን ግን ከሥሩ አያቁሙ፦ ሲያድግ የሚጥለው ቅጠል ከ3 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም ቀላል አይደለም።