የእንክብካቤ ሙያና ሲኦሲ፦ ጠይቁኝ

ደሴ ላይ የእንክብካቤ ሙያ አሠለጥናለሁ። ስለ ሲኦሲ፣ ማለትም ስለ ሙያ ብቃት ምዘናና ስለ ማረጋገጫ ወረቀቱ፣ የሚጠይቀኝ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ቡናውም ደርሷል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እትዬ፣ አያቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ኮሌጅ ግን አልገባሁም። መመዘን እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ አብሽሪ። ሙያውን በሥራ የለመደም ይመዘናል። ግን በስድስቱ ዓመት ብቻ አትመኪ፤ ቤት የለመድነው ሁሉ ትክክል አይደለም። በሽተኛን በጀርባው አስተኝተን እናጎርሳለን አይደል? ትን ይለዋል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀና አድርገሽ ነው የምታበይው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ፈተናው ምን ምን አለው?

መልስ፦ የጽሑፍና የተግባር። እኔ እንዳየሁት ሰው የሚሰናከለው ተግባሩ ላይ ነው። እጅ መታጠብን ይንቁታል! በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ የጣት መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር። ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ደግሞ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ አለዚያ ገላው ይቆስላል። ከመንካትህ በፊት «እማማ፣ ላገላብጥዎት ነው» በል። በፈተናው በበሽተኛ ፋንታ የተኛው አሻንጉሊት ቢሆንም አናግረው። አንዷ ሠልጣኜ አሻንጉሊት ማናገሩ አሳፍሯት ዝም ብላ ሠራች፤ ነጥብ አጣችበት።

ጥያቄ፦ ብወድቅስ?

መልስ፦ «ወደቅሽ» አይባልም። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። የጎደለሽን ተለማምደሽ ትመለሻለሽ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ዓረብ አገር ልሄድ ነው። ደላላው «የሲኦሲውን ወረቀት እኔ አወጣልሻለሁ፣ የቪዛና የትኬት ጨምረሽ ክፈይ» አለኝ።

መልስ፦ ኧረ በሞቴ ተዪው! ሳትመዘኚ የሚመጣ ወረቀት ሐሰተኛ ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የብቃት ማረጋገጫ ግዴታ ነው። የምዘናውንና የፓስፖርቱን ወጪ አንቺ ትችያለሽ። ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ግን የአሠሪው ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ያለችው እህቴ ሥራ ላይ ሆና ነው ዲፕሎማውን ያገኘችው። እንዴት ነው?

መልስ፦ እዚያ መዛኙ ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥቶ አረጋውያኑን ስትንከባከብ ያያታል። እሷም ማስረጃዋን እያጠራቀመች ትጨርሳለች። እውነቱን ለመናገር የእነሱ ይሻለኛል፤ አሻንጉሊት «አመመኝ» አይልም።

ጥያቄ፦ በሲኦሲ ወረቀት መርፌ መውጋት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም። ጎረቤት ቢለምንሽም እንኳ። እሱ የጤና ሙያ ፈቃድ ላለው ነው።