ቤዙ ለምን ከግራ እጄ ጋር አይወርድም?

ጥያቄ፦ ባለ 61 ቁልፍ የያማሃ ኪቦርድ ላይ ስታይል (ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተውን አጃቢ) ከፍቼ መዝሙር አጅባለሁ። ቤዙ ከሲ (C) ወደ ቢ (B)፣ ከዚያ ወደ ኤ (A) እንዲወርድልኝ የጂን ኮርድ ገልብጬ ቢ-ዲ-ጂ ብይዝም ቤዙ ጂን ከመምታት አይመለስም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኪቦርድዎ ምንም አልሆነም። ኪቦርዱ የግራ እጅን ኮርድ የሚያነብበት ቅንብር «ፊንገርድ» አያያዝ ሲሆን ማሽኑ የሚለየው የኮርዱን ስም ብቻ ነው። ጂ-ቢ-ዲ ቢይዙም ቢ-ዲ-ጂ ቢይዙም ስሙ ያው ጂ ሜጀር ነው፤ ስለዚህ ቤዙ ሥሩን (ኮርዱ የተሰየመበትን ድምፅ) ጂን ይመታል። አያያዙን ወደ «ፊንገርድ ኦን ቤዝ» ይቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ቤዙ የሚከተለው በግራ እጅ ከተያዙት ቁልፎች ዝቅተኛውን ነው። በፒኤስአር-ኤስኤክስ ሞዴሎች ሜኑ ውስጥ «ስፕሊት ኤንድ ፊንገሪንግ» የሚለው ጋ ያገኙታል። ኮርግ ፒኤ ላይ ይህን የሚያደርገው «ቤዝ ኢንቨርዥን»፣ ካሲዮ ላይ «ፊንገርድ 3» ነው።

ብዙዎች ግን ከዚህ በኋላም ይቸገራሉ፤ ምክንያቱ ስፕሊት ፖይንቱ፣ ማለትም የግራና የቀኝ እጅ ክፍል የሚለያይበት ቁልፍ ነው። ያማሃ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤፍ ሻርፕ 2 (ከመሃለኛው ሲ በታች ያለው ኤፍ ሻርፕ) ላይ ተቀምጧል። ከግራ ጫፍ ካለው ሲ ከጀመሩ ወደ ቢ የሚወርዱበት ቁልፍ የለም። ከሁለተኛው ሲ ከጀመሩ ደግሞ የኮርዱ ጂ ከስፕሊቱ አልፎ በቀኝ እጅ ድምፅ ይጮኻል፣ ለኮርዱም ሲ እና ኢ ብቻ ይቀሩለታል። ስፕሊቱን ወደ ቢ 2 ከፍ ያድርጉትና ሲ-ኢ-ጂ፣ ቢ-ዲ-ጂ፣ ኤ-ሲ-ኢ እያሉ ይውረዱ። ቀኝ እጅዎ ከመሃለኛው ሲ ይጀምራል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እጅ ብዙ እንዳይንቀሳቀስ ኤፍን ሲ-ኤፍ-ኤ አድርጎ መያዝ የለመደ ሰው በዚህ አያያዝ ቤዙ ሲ ላይ ይቀርበታል። ቤዙ ኤፍ እንዲመታ ኤፍ ከታች መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ አምባሰል ስጫወት ስታይሉ ከዜማው ጋር ይጋጫል። ሜጀርም ማይነርም ሞክሬ አልሆነልኝም።

መልስ፦ አይሆንምም። ከሲ የሚነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲ ሜጀር ኢን፣ ሲ ማይነር ኢ ፍላትን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ የስታይሉ ጊታርና ስትሪንግስ ግን ደጋግመው ይመቷቸዋል። በ«ፊንገርድ» አያያዝ ሲን ከታች አድርገው ሲ እና ጂን ብቻ ይያዙ። ያማሃ ይህን «1+5» ብሎ ያነበዋል፤ አጃቢው በሥሩና በአምስተኛው ብቻ ይሄዳል። ኮርድ መቀየር ሲያምርዎ ኤፍ ማይነር እና ዲ ፍላት ሜጀር ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው፤ ያለ ስጋት ይያዟቸው።

አንቺ ሆዬ ላይ ግን «1+5» አይሠራም። ከሲ ሲነሳ ያለው ጂ ፍላት እንጂ ጂ አይደለም። እዚያ ሁለት ሲ በአንድ ኦክታቭ ርቀት ይያዙ፤ ይህ «1+8» ሲሆን አጃቢው ሥሩን ብቻ ይጫወታል። ሁለቱም ሲ ከስፕሊቱ በስተግራ መሆናቸውን ያረጋግጡ።