ሩቢ ብሪጅስ አልፈራችም ወይ?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ሩቢ ብሪጅስ ተምራ መጣችና «እማዬ፣ አልፈራችም ወይ?» አለችኝ። እኔ ወደ አሜሪካ የመጣሁት ትልቅ ሆኜ ስለሆነ ታሪኩን በቅጡ አላውቀውም። ምን ልበላት?
አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ «ጀግና ስለነበረች አልፈራችም» ብለው አይለፉት። ያኔ የስድስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ የነበረችው ሩቢ ፈርታለች።

የመጀመሪያው ቀን ግን ነገሩ አልገባትም ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው ዊልያም ፍራንዝ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጥቁር ልጅ መግባቷን ተቃውሞ የሚጮኸውን ሕዝብ አይታ ማርዲ ግራ፣ ማለትም የከተማው ካርኒቫል፣ መስሏት ነበር። አራት የፌዴራል ማርሻሎች (የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ አስከባሪዎች)፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ ሆነው አስገቧት። ያን ቀን ግን አልተማረችም። ነጭ ወላጆች እየመጡ ልጆቻቸውን ሲያስወጡ እሷ ከእናቷ ጋር ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጣ ዋለች።

በማግስቱ ከቦስተን የመጣችው መምህርት ባርባራ ሄንሪ ተቀበለቻት። ዓመቱን ሙሉ በክፍሉ የነበሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ፍርሃቱ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ከደጅ ከሚጮኹት አንዷ ሴት እመርዝሻለሁ እያለች ትዝትባት ስለነበር ከቤት የመጣ ምግብ ብቻ እንድትበላ ተደረገ። ከሁሉ ያስደነገጣት ግን በትንሽ የሬሳ ሣጥን የተጋደመች ጥቁር አሻንጉሊት ናት። (ይህን ለልጅዎ አሁን ባይነግሯት ይሻላል፤ ስታድግ ትደርስበታለች።) ሌሊት እየቃዠች ትነሣ ጀመር። ምሳዋን ብቻዋን መብላት ስላስጠላት ሳንድዊቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ትደብቅ ነበር። ይህ ሲታወቅ መምህርቷ አብራት መብላት ጀመረች። የትንሽ ልጅ ፍርሃት ከልቅሶ ይልቅ በምግብና በእንቅልፍ ስለሚታይ፣ ለልጅዎ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው መልስ ይህ የምሳ ነገር ይመስለናል።

«ታዲያ ለምን አልቀረችም?» ካለችዎት ስለ ቤተሰቡ ይንገሯት። አባቷ መጀመሪያ አልተስማማም፤ ያግባባችው እናቷ ናት። በኋላ እሱ ከነዳጅ ማደያ ሥራው ተባረረ፤ ሚሲሲፒ የነበሩ አያቶቿም ከሚያርሱት የሰው መሬት ተነቀሉ። ጎረቤቶቿ ግን ማርሻሎቹ ከሚወስዷት መኪና ኋላ በእግር እየተከተሉ ይሸኟት ነበር።

ጸሎቱንም አይርሱት። አንድ ጠዋት ሕዝቡ መሐል ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ መምህርቷ በመስኮት አየቻት። ስትጠየቅ፣ ለእነዚያ ሰዎች እየጸለየች እንደነበር ተናገረች። ሁልጊዜ እዚያ ከመድረሷ በፊት ትጸልይ ነበር፤ ያን ዕለት ረስታው ኖሮ እመንገድ ላይ ቆመች።

በሁለተኛው ዓመት ማርሻሎቹ ቀሩ፤ የክፍል ጓደኞችም አገኘች። ባርባራ ሄንሪ ግን አልነበረችም። ሩቢ በዚህም እንዳዘነች ለልጅዎ ይንገሯት።