ግማሽ ሞተሩን የሚያሳርፍ ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የቀለም ሥራ ስለምሠራ ፒክአፕ ያስፈልገኛል። የ2015 ሲልቨራዶ፣ ባለ 5.3 ሊትር ቪ8፣ 118 ሺህ ማይል የሄደ አግኝቻለሁ። ዋጋው አሪፍ ነው። ጓደኛዬ ግን «ሲሊንደር የሚያጠፋ ሞተር ነው፤ ሊፍተሩ ጉድ ይሠራሃል፣ አትንካው» አለኝ። ሻጩ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር የምትሰካ ዕቃ እንዳለችና ችግሩን ጨርሳ እንደምታጠፋው ነገረኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ጓደኛህ ትንሽ አጋኗል። ሻጩ ግን ወይ ዋሽቶሃል፣ ወይ ራሱም አልገባውም።

ይህ ሞተር መንገዱ ሜዳ ሲሆንና ጭነት ሲቀልለት ከ8ቱ ሲሊንደር 4ቱን ያሳርፋል። የሚያርፉት 1፣ 4፣ 6 እና 7 ናቸው። የማቀጣጠያ ተራው 1-8-7-2-6-5-4-3 ስለሆነ አንዱ እየታለፈ ቀጣዩ ይሠራል፤ ሞተሩም አይንገጫገጭም። ሐሳቡ ግሩም ነው። ጣጣው ያለው ሊፍተሩ ላይ ነው።

ሊፍተር ካምሻፍቱ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) ላይ እየተንከባለለ ቫልቭ የሚያስከፍት ትንሽ ብረት ነው። በሚያርፉት ሲሊንደሮች ላይ ያለው ሊፍተር ውስጡ ፒን አለው። ኮምፒውተሩ ሲያዝ የዘይት ግፊት ፒኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ያኔ ሊፍተሩ ራሱ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቫልቩም እንደተዘጋ ይቀራል። ግፊቱ ሲነሳ ፒኑ ተመልሶ መቆለፍ አለበት። ሃይዌይ ላይ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስበው። ፒኑ አንድ ቀን አልመለስ ካለ ያ ሲሊንደር ሞተ ማለት ነው። ሥሩ ያለችው ትንሽ ጎማ መሳይ ሮለር መንከባለል ካቆመች ደግሞ ካምሻፍቱን ትፍቀው ጀመር።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሲስተም ያለው ፒክአፕ አምጥቶልኝ ነበር፤ የማን ሥሪት እንደሆነ ይቅር። «ቲክ ቲክ ይላል፣ ካንዴላ ለወጥኩለት፣ እምቢ አለ» አለኝ። እየጮኸ ሳምንታት ነድቶታል። ስንከፍተው ሮለሯ በአንድ ጎኗ ተልጣ ጠፍጣፋ ሆናለች። ካምሻፍቱ ላይ የቆፈረችው ጭረት ጥፍር ያስገባል። የሊፍተሩ ዋጋ አይደለም የሚያስደነግጠው፤ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሳይወርድ ሊፍተር አይወጣም፣ ሒሳቡን የሚያንረው እሱ ነው።

የምትሰካዋ ዕቃ ኮምፒውተሩን «ወደ 4 አትውረድ» ትለዋለች፤ በቃ። ፒኑ መመላለሱን ያቆማል። ለመከላከል ያህል እኔም አልጠላትም። ግን ያው ሊፍተር እዚያው ነው፤ የተጎዳውን አታድነውም። ሻጩ ይህን ያህል ካወራላት፣ ለምን እንደፈለጋት ጠይቀው።

ሲስተሙን ከነካምሻፍቱ አውጥቶ በተራ ሊፍተር መተካትም አለ። ያኔ የኮምፒውተሩ ፕሮግራምም ይቀየራል። እናንተ አካባቢ በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ ስላለ ሕጉን ሳታጣራ እንዳትነካው።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? የሲልቨራዶ ሠሪ ጄኔራል ሞተርስ በ2021 የቺፕ እጥረት ሲገጥመው አንዳንድ ባለ 5.3 ሊትር ፒክአፖችን ያለዚህ ሲስተም ሸጧል። ያኔ የተነገረው የነዳጅ ልዩነት በጋሎን 1 ማይል ገደማ ነበር። በዓመት 15 ሺህ ማይል ብትነዳና ከ18 ወደ 17 ብትወርድ ወደ 50 ጋሎን ቤንዚን ነው። ከካምሻፍት ሥራ ጋር አወዳድረው።

አዲሱን በመግዛትም አታመልጥም። ከ2019 ጀምሮ የመጣው ሲስተም 17 ዓይነት አሠራር አለው፤ 16ቱም ሊፍተሮች የሚታጠፉ ናቸው። ጨርሶ የማትፈልገው ከሆነ እስከ 2021 የተሠራው ባለ 5.7 ሊትር የቶዮታ ቱንድራ ሲሊንደር አያጠፋም። ቤንዚን ግን ይጠጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ሲልቨራዶውን በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሄደህ እየው። መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። አስነሳውና አዳምጥ። ቲክ ቲክ ካለና ድምፁ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የጭስ ማኒፎልድ ብሎን ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፣ ዋጋ አስቀንስበት። ከሞቀ በኋላም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየፈጠነ ከቀጠለ ግን ተወው። መካኒክ ስካነር ይሰካልህ። ፒ0301፣ ፒ0304፣ ፒ0306 ወይም ፒ0307 የሚል የብልሽት ኮድ ካየህ ችግሩ ያለው የሚያርፉት ሲሊንደሮች ላይ ነው። ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ እንደሆነም ስካነሩ ይጠቁማል።

የዘይት ደረሰኝም ጠይቅ። ይህ ሲስተም የሚኖረው በዘይት ነው፤ እኔ በየ5 ሺህ ማይሉ እለውጣለሁ። ሻጩ መኪናውን አሙቆ ከጠበቀህ ምንም ሳትል ተመለስና ሌላ ቀን ሳትደውል ሂድ።