ከሰንዳፋ ማር ይዘው ለሚመጡት እህት፦ ስለ ቡዝ ዝግጅት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰንዳፋ ላይ ማር አጣርተው ያሽጋሉ፤ ሲኤምሲ በሚገኘው አዲስ ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከል ለዐውደ ርዕይ ሦስት በሦስት ሜትር የሆነ ቡዝ (የዕቃ ማሳያ ቦታ) ለአራት ቀን ተከራይተዋል፤ «ስንት ኪሎ ላምጣ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ለገጣፎ ላይ በርበሬና ሽሮ አዘጋጃለሁ፤ በመስቀል አደባባዩ ኤግዚቢሽን ማዕከልም፣ በ2017 በተመረቀው በዚህኛውም ቆሜ ሸጫለሁ። የኪሎው ነገር ቀላል ነው፤ ሰንዳፋ ቅርብ ስለሆነ ለመጀመሪያው ቀን ለአራቱ ቀን ካሰቡት ሲሶውን ያምጡና ያለቀውን ማታ ማታ ይተኩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ዐውደ ርዕይን እንደ በዓል ባዛር አያስቡት። ለገና ባዛር የሚመጣ ሰው ዘንቢል ይዞ ሊገዛ ነው። እዚህ ግን የመጡለት ሰው ምንም ሳይገዛ የሚሄደው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሰው የሽሮውን ከረጢት አገላብጦ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ «በወር ስንት ኩንታል ታቀርባላችሁ?» አለኝ። ለአንዲት እናት ግማሽ ኪሎ በርበሬ እየመዘንኩ ስለነበር «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አልኩት። መልስ ቆጥሬ ሰጥቼ ቀና ስል የለም። የሆቴል ግዢ ሠራተኛ እንደነበረ የነገረችኝ የጎረቤት ቡዝ ልጅ ናት፤ ካርዱን ለእሷ ሰጥቷት ሄዷል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ብቻዎን አይቁሙ። አንድ ሰው ይመዝን፣ ገንዘብ ይቀበል፣ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ እርስዎ ያነጋግሩ። ትልቅ ደብተር ይያዙ፤ ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ቦታና የጠየቁትን ነገር እዚያው እንደቆሙ ይጻፉ። ማታ እጽፈዋለሁ ያሉት ሁሉ ይጠፋል። በወር ምን ያህል ማር ማቅረብ እንደሚችሉ፣ የጅምላ ዋጋዎን፣ ለማድረስ ስንት ቀን እንደሚፈልጉ ቀድመው ወስነው ይምጡ። እነዚህን ሳይጠየቁ የሚውሉበት ቀን አይኖርም።

በማር ላይ ደግሞ የሚገጥምዎት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስኳር አልገባበትም?» የሲኤምሲ ጠዋት ብርድ ነው፤ ማር ደግሞ ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ቶሎ ይረጋል። የረጋ ማር ያየ ገዢ ወዲያው ይጠራጠራል። እኔ ብሆን የረጋውን አልደብቅም። ከአንድ በርሜል የተቀዳ ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ አንዱ እንደረጋ፣ ሌላው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቆሞ የቀለጠ። ለጠየቀ ሁሉ አበባው ያመጣው ተፈጥሯዊ ስኳር እንደሚረጋ በእጅዎ እያሳዩ ያስረዱ። የላቦራቶሪ ውጤት ካለዎትም ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉ፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ የአብዛኛው ማር የእርጥበት መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ብዛት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። ለማስቀመሻው የእንጨት ስንጥር፣ ክዳን ያለው ሳህንና እርጥብ ፎጣ አይርሱ፤ እጁ የተጣበቀበት ሰው ካርድ አይቀበልም።

ስለ ቡዙ ባጭሩ ልንገርዎ። ግድግዳው በአሉሚኒየም ምሰሶ የተያዘ ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ምስማር አይመታበትም፤ ማንጠልጠያ ሽቦና የሚነሳ ማጣበቂያ ይያዙ። ባነር ሲያሠሩ ሙሉ 3 ሜትር አይበሉ፤ ምሰሶዎቹ ከውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወስዳሉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ባነር ታጥፎ ነው የዋለው። ከብልቃጦቹ ኋላ መብራት ቢያደርጉ የማሩ ቀለም ከሩቅ ይጠራል። ኃይል የሚስብ ዕቃ ግን ሳያስፈቅዱ አይሰኩ። እኔ ሽሮ እያበሰልኩ ላስቀምስ ብዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰካሁና የመስመራችን መብራት በሙሉ ጠፋ። ምጣድ ከ3500 ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው፤ ለአንድ ቡዝ የተመደበው ሶኬት ይህን አይችልም። ውኃ ማፍያም 2000 ዋት ይደርሳልና ማሩን ለማቅለጥ ለብ ያለ ውኃ በፔርሙዝ ከቤት ይዘው ይምጡ።

ዕቃ የሚገባበትን በርና ሰዓት ከአዘጋጆቹ በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ በቃል የተነገረኝን አምኜ ሄጄ ግማሽ ቀን መኪና ላይ ቆሜያለሁ። ከመኪናው እስከ አዳራሹ መንገዱ ረጅም ነው፤ ጋሪ ከሌለዎት ብልቃጥ በሸክም አይሞክሩት። ለቴሌብር የሚቃኘውን ኮድ በትልቁ አሳትመው ይለጥፉ፤ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚደክም ዝርዝር ብርም ይኑርዎት።

በመጨረሻው ቀን ደግሞ፣ እባክዎ፣ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ዕቃ አይሰብስቡ። ጎረቤቶችዎ ካርቶን ማሰር ሲጀምሩ ልብዎ ይሸፍታል፤ አውቀዋለሁ። የእኔ ትልቁ ደንበኛ የመጣው አዳራሹ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ግማሹ ቡዝ ባዶ ሆኖ ሳለ ነው፤ ተረጋግተን ተቀምጠን ያወራነውም በዚያ ምክንያት ነው። ደብተርዎ ላይ ላሉት ሁሉ በዚያው ሳምንት ይደውሉ።

ሦስት እርከን ያለው ተጣጣፊ የብረት መደርደሪያ ለገጣፎ ቤቴ አለ። ለብልቃጥ ይሆናል፤ ከሰንዳፋ ሲመጡ በመንገድዎ ላይ ነውና ከፈለጉ በውስጥ ይጻፉልኝ፣ አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ።