የአባዬ እጅ ጸጥ አለ፣ ድምፃቸው ግን ጠፋብን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኛ ቤት የዛሬ ሦስት ዓመት ትዝ አለኝ። አባትሽ ለፓርኪንሰን ዲቢኤስ (አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ የሚባል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ በማሽን ኤሌክትሪክ የሚልክ ሕክምና) ከተደረገላቸው ስድስት ወር ሆኗቸዋል። እጃቸው መንቀጥቀጡን አቁሟል፣ ንግግራቸው ግን እየተኮላተፈ ሄደ። «ማሽኑ ነው ያበላሸባቸው? እናጥፋው ወይ?» ነው ያልሽው።

በራሳችሁ አታጥፉት። ማሽኑ ሲጠፋ የጡንቻ ግትርነቱና መንቀጥቀጡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ማሽኑን መጠርጠርሽ ግን ልክ ነው።

አባዬ የታከሙት እዚህ ሜሪላንድ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲኒ ማንሳት አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ሳያፈሱ ቡናቸውን ሲጠጡ እማዬ እልል አለች። በአራተኛው ወር ጎንደር ያለው አጎቴ ደውሎ ሲያወራቸው «መስመሩ ነው እንዴ? አይሰማም» እያለ ደጋግሞ ዘጋ። መስመሩ ደህና ነበር። መጀመሪያ የላሉት ጠ፣ ቀ እና ጨ ናቸው። «ጠጡ» ሲሉን «ተቱ» ሆኖ ይሰማን ነበር። ስለ ንግግር አስቀድሞ ያስጠነቀቀን ሰው አልነበረም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮዱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአንጎል ውስጥ ጥልቅ ቦታ ባለች፣ ከባቄላ በማትበልጥ ክፍል ነው። ለምላስ፣ ለከንፈርና ለጉሮሮ ትእዛዝ የሚያደርሱ የነርቭ መስመሮች አጠገቧ ያልፋሉ። ለእጅ ተብሎ ኤሌክትሪኩ ሲጨመር ወደነሱም ሊፈስ ይችላል። ያኔ ምላስ ይተሳሰራል። ይህ ብዙ ጊዜ በማስተካከያ ይሻላል። ድምፅ ማነስ ግን ከበሽታው ከራሱም ይመጣል። ዲቢኤስ ለመንቀጥቀጥና ለግትርነት የሚሰጠውን ያህል ለድምፅ አይሰጥም። ቃል ፈልጎ ማምጣትም ሊዘገይ ይችላል።

የቱ እንደሆነ የሚለየው እንዴት ነው? እኛን ያዳነን በስልክ የተቀዳ ድምፅ ነው። አባዬ ሐኪም ፊት በእንግሊዝኛ «የስ፣ ፋይን» ብለው ይጨርሱ ነበር፤ ለሐኪሙ ችግር የለም። ስለዚህ ያንኑ አጭር ንግግር በአማርኛ ጠዋት ከመድኃኒት በፊት፣ ከመድኃኒት በኋላና ማታ ቀዳሁባቸው። ሐኪሙ ቋንቋውን ባይችልም ልዩነቱን ሰማ። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ አጠፋው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸው ግን ተፈታ! እማዬ አለቀሰች።

በግራ አንጎል በኩል ያለውን ኤሌክትሪክ ቀነሰው፤ በሌላ ቀጠሮ ደግሞ ድግግሞሹን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን የኤሌክትሪክ ምት፣ ከ130 ኸርዝ ወደ 80 አወረደው። አራት ቀጠሮ ፈጀ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው አባዬ «እጄ ይንቀጥቀጥ፣ ከልጅ ልጆቼ ጋር ላውራ» አሉ። ይሄን ምርጫ ለአባትሽ ተዉላቸው።

ከዚያ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ሄድን፤ ኤልኤስቪቲ ላውድ ይባላል። በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት ነው። ዋናው ነገር ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው በደህና ድምፅ ሲያወራ የጮኸ ይመስለዋልና። በየቀኑ የሚሏቸውን ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች አምጡ ተባልን። እኛ በአማርኛ አደረግናቸው፦ «ቡናው ደረሰ?»፣ «መነፅሬን አያችሁ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ቴራፒስቷ የድምፁን ከፍታ በመሣሪያ ትለካለች፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጥራቱን እሰማለሁ። ከዲቢኤስ በኋላ ሁሉም ሰው እኩል አይጠቀምም። አባዬ ግን ከማድ ቤት እማዬን ጠርተው የሚሰሙ ሆነዋል።

አንድ ነገር አትዘግዪ። ውኃ ሲጠጡ ካሳላቸው ወይም ትን ካላቸው ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪ፤ የመዋጥ ችግር ሊሆን ይችላል።

ቅጂውን ዛሬ ማታ ጀምሪ። መድኃኒት የወሰዱበትን ሰዓትም ጎን ለጎን ጻፊበት።